በጊፋታ የማይዞር ጎማ

ሶርሳ ቦልቴ ልብስ ሰፊ ነው። በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪናውን የሚዘረጋው ወላይታ ሶዶ፣ መርካቶ፣ ኑሪ ጨርቅ በሚሸጥበት ሱቅ በረንዳ ላይ ነበር። አሠራሩ የታወቀ ነው፤ ደንበኛው ከውስጥ ጨርቁን ያስቆርጣል፣ በረንዳው ላይ ይለካል፣ ቀጠሮ ይዞ ይሄዳል። ባለሱቁ ያለ ሰፊ፣ ሰፊውም ያለ ባለሱቅ አይሆንላቸውም። ሶርሳ ጠዋት መኪናውን ከሱቁ ጓዳ ያወጣል፣ ዘይት ጠብ ያደርግበታል፣ ከታች ያለውን ትልቁን ጎማ ከላይኛው ጋር የሚያገናኘውን ጠፍር ይፈትሻል፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል። በ2009 ዓ.ም. ከነዚህ ዕቃዎች ላይ አንድ ተጨመረ፤ ከጣቃ ጫፍ የተቀደደ ጠንካራ የጨርቅ ጠርዝ። አንዱ ጫፍ ከጠረጴዛው እግር ይታሰራል፣ ሌላው ከልጁ ከክብረት ወገብ።

ክብረት ያኔ አምስት ዓመቷ ነው። አትናገርም። ስሟ ሲጠራ አትዞርም። ጆሮዋ እንዳይባል፣ የከረሜላ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ከሱቁ ማዶ ትሰማለች። ልቅ ካገኘች ትሮጣለች፤ ወዴት እንደሆነ እሷም የምታውቅ አይመስልም፣ ብቻ ቀጥ ብላ ትሮጣለች። እናቷ አሳየሽ ቆላ ካለችው ከተበላ ከተማ ገበያ ማንጎና በቆሎ እያመጣች ሶዶ ትቸረችር ስለነበር፣ በገበያ ቀን ልጅቷን የሚይዝ ሰው አልነበረም። አንድ ሰሞን ቤት ቆልፈውባት መሄድ ሞክረው ነበር። ክብረት በሩን በግንባሯ ስትደበድብ የሰሙት ጎረቤቶች ቁልፉን ሰብረው ገቡ፤ ግንባሯ ላይ የቀረው ጠባሳ የዚያን ጊዜው ነው። ሌላ ቀን ሶርሳ ሱሪ ሲለካ ለቅቋት ከበረንዳው ዘላ አስፋልቱ መሃል ገባች። ቢላል የሚባለው ባጃጅ ነጂ እሷን ለማዳን ሲጠመዝዝ ከነተሳፋሪው ቦይ ውስጥ ተገለበጠ። የሞተ የለም። ጠርዙ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ቢላል አልተቀየመም፤ ግን አፉም አያርፍም። ባጃጁን በረንዳው ሥር አቁሞ ተሳፋሪ ሲጠብቅ፣

«ሶርሳ፣ ከመቼ ወዲህ ነው ፍየል አስረህ የምትሰፋው?» ይላል።

ሶርሳ መርፌው ላይ አቀርቅሮ ይረግጣል።

ነገሩን የለወጠችው ከውሰር ናት። ከውሰር የኑሪ ልጅ፣ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ነች። በዚያ ዓመት አዲስ አበባ ሄዳ፣ ወላጆች ኦቲዝም ያለበትን ልጅ ቤታቸው ውስጥ እንዴት እንደሚያሠለጥኑ የሚያስተምር ሥልጠና ወስዳ ተመለሰች። ለአባቷ ምሳ ይዛ ስትመጣ ጠርዙን አየችው።

«ጋሽ ሶርሳ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ጠርዝ ነው።»

«ጠርዝ መሆኑንማ አየሁ።»

«እንግዲያ ምን ልበልሽ? አስፋልቱን ታያለሽ፣ ባጃጁን ታያለሽ። አንቺ ብትሆኚ በምን ትይዣት ነበር?»

ከውሰር ጎንበስ ብላ ክብረት የምታየውን አየች። ልጅቷ አባቷንም፣ እንግዳዋንም፣ መንገዱንም አላየችም። ሶርሳ ሲረግጥ የሚሽከረከረውን ትልቁን ጎማ ብቻ ነበር የምታየው።

«እሑድ ከሰዓት ከአሳየሽ ጋር ና» አለችው። «ከቤተክርስቲያን መልስ ነው፣ አያመልጣችሁም።»

እንዲህ ዓይነት ልጅ ያላቸው ወላጆች ስብሰባ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ፣ በልጆች ወንበር ላይ ነበር። ትልልቁ ሰው ጉልበቱ አገጩ ሥር ደርሶ ተቀምጧል። ከውሰር ፊት ቆማ ነገሩን በአጭሩ ነገረቻቸው። መድኃኒት የለውም። እርግማንም አይደለም፤ እናትየዋ በእርግዝናዋ ያየችው ነገርም አይደለም። ሐኪሙ እናንተ ናችሁ አለቻቸው።

«ደመወዝ የሌለው ሐኪም!» አለ አንድ አባት ከኋላ። ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ግን አንዲት እናት በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ ታየች።

«ልጁ ወዳለበት ግቡ እንጂ እናንተ ወዳላችሁበት አትጎትቱት» አለች ከውሰር። «መሬት ተቀመጡ፣ ዓይናችሁ ከዓይኑ እኩል ይሁን። የሚወደውን ነገር ያዙት፣ አንድ ቃል ብቻ በሉ፣ ከዚያ ጠብቁ። ጥያቄ ማለት ቃል ብቻ አይደለም። ካያችሁ ጥያቄ ነው፤ እጁን ካሳረፈባችሁ ጥያቄ ነው። ሲጠይቅ ግን ያኔውኑ ስጡት። ጠይቆ ያጣ ልጅ፣ መጠየቅ ምን ያደርግልኛል ብሎ ይተወዋል።»

አሳየሽ እጇን አነሳች። «ልጄ እያለቀሰች እኔ እጄን አጣጥፌ ልያት? በኛ ቤት ልጅ አፉን ለጥያቄ ሳይከፍት ነው የሚጎርሰው።»

«አውቃለሁ አሳየሽዬ። በኛም ቤት እንደዚያው ነው። የሚከብደውም እሱ ነው።»

ሶርሳ በማግስቱ በረንዳው ላይ ጀመረ። ክብረት የምትወደው ጎማውን ነው፤ ስለዚህ የሚያዘውም ጎማው ነው። «ባ» ይልና ይረግጣል፤ ባ በወላይትኛ ሂድ ማለት ነው። ጎማው ይዞራል። ትንሽ ሰፍቶ እግሩን ያነሳል። ጎማው ይቆማል። ከዚያ ሶርሳ ከወንበሩ ወርዶ መሬት ይቀመጣል፣ ፊቱን ከፊቷ ትይዩ አድርጎ ይጠብቃል። መጀመሪያ ላይ ጮኸች። የራሷን እጅ ነከሰች። መርገጫውን በእጇ ልትገፋ ሞከረች። ሶርሳ ጠበቀ። አንድ ቀን፣ ሳታስበው በሚመስል ሁኔታ፣ ዓይኗን ከጎማው አንስታ አንድ አፍታ አየችው። ዘሎ ወንበሩ ላይ ወጣና ረገጠ።

ሥራው እንዲህ እየተቆራረጠ ይሄድ ነበር። መምህርት ጥሩወርቅ ቀሚሷን ልትወስድ መጥታ ቆማ ቀረች።

«ምን እየጠበቅን ነው?» አለች።

«እሷን።»

«የኔ ቀሚስ የሚሰፋው ልጅቷ ስትፈቅድ ነው እንዴ?»

«አዎ እትዬ። አለቃዬ እሷ ናት።»

ኑሪ ከሱቁ ውስጥ፣ «በረንዳውን የሰጠሁት ለአንድ ሰፊ ነበር፤ አሁን ባለሥልጣን ገባበት» ብሎ ሳቀ። ቆይቶ ግን ራሱ ወጥቶ በርጩማ አመጣላትና መምህርቷ ተቀምጣ ጠበቀች። እንዲህ ነበር፤ ገበያተኛው ሁሉ እያጉረመረመም ቢሆን መጠበቅ ለመደ። ደንበኛ የቀረም አለ፤ ሶርሳ ስለነሱ አያነሳም።

ከማየት በኋላ እጇን ጉልበቱ ላይ ማሳረፍ መጣ። ሰኔ ላይ ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ፣ ሶርሳ እግሩን አንስቶ እየጠበቀ ሳለ፣ ክብረት ከንፈሯን ገጠመች፣ ከፈተች፣ «ባ» አለች። ድምፅዋ ወፍራም ነበር። ሶርሳ ረገጠ፤ የሰፋው እጅጌ ጠመመና በኋላ መፍታት ግድ ሆነ። ቢላል ባጃጁ ውስጥ ሆኖ ሰምቷል። ያን ቀን ምንም አልቀለደም።

ቀጥሎ መቆምን አስተማራት። መዳፉን ጎማው ላይ ሲያሳርፍ እጇን ሰብስባ ትቀመጣለች፤ መዳፉን እስኪያነሳ ትጠብቃለች። እንደዚያ መጠበቅ ከለመደች በኋላ ሶርሳ ጠርዙን ፈታ። ክብረት ከጎማው አጠገብ ሳትነቃነቅ ዋለች። በማግስቱም ዋለች። ሳምንቱ አለፈ። ሶርሳ ጠርዙን ጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

«ፍየሏ ተፈታች?» አለ ቢላል።

«ሰው ናት። አንተ ብቻ ቀስ ብለህ ንዳ።»

ከውሰር መጥታ አየች። ደስ አላት፤ ግን ጥያቄ ነበራት።

«እቤትስ?»

«እቤት መኪና የለም።»

«እኮ! በውሃ ጆግ ሥራ። በበሩ ሥራ፤ ባ ስትል ክፈት። መንገድ ላይ አቁማት። አሳየሽም ትሥራ። እስካሁን የለመደችው እዚህ በረንዳ ላይ፣ ከዚህ ጎማ ጋር፣ ከአንተ ጋር ብቻ ነው። ሱሪ ስትለካ ሰውየውን ቁጭ በል አትለውም? ቆሞ ልክ የሆነ ሱሪ ሲቀመጥ ይቀደድ የለ?»

«እውነትሽን ነው። የዱንጉዛው ስፌት ይለቅና እሞክራለሁ።»

ዱንጉዛ ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ መስመር ያለው የወላይታ ልብስ ነው። ጊፋታ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ሲቃረብ ሽማግሌው፣ ሕፃኑ፣ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛው ሁሉ ዱንጉዛ ያሰፋል። በዚያ ላይ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም አለ። ሰፊ ዓመቱን የሚያልፈው በዚህ ሰሞን ሥራ ነው። ሶርሳ ጎህ ሲቀድ ገብቶ ሲመሽ ይወጣ ነበር፤ ክብረትም ከጎማው ጋር ትውላለች፣ ማንንም አታስቸግርም። የያዘ ስፌት ለምን ይነካል? እንዲህ ብሎ አሰበ። ነሐሴ እንዲህ አለፈ።

አሳየሽ ግን እቤት የምታገኛት ክብረት ያው የድሮዋ ነበረች። በረንዳ ላይ የምትጠብቀው ልጅ፣ እቤት በር ከተከፈተ ትፈተለካለች። አሳየሽ ደግሞ ነፍሰ ጡር ሆናለች፤ ሆዷ ገፍቷል። ቀኑን ሙሉ ቆላ ውላ የመጣች ሴት፣ ማታ ምን ጎማ አላትና ምን ታቆማለች? ጳጉሜ ላይ አንድ ቀን ዝናብ አባርቶ ጭቃው እንዳለ፣ ክብረት የበሩን መወርወሪያ ራሷ ከፍታ ወጣች። አሳየሽ ተከተለቻት። ቁልቁለቱ ላይ አንሸራተታትና በሆዷ ወደቀች። ልጅቷን ከታች ጫማ የሚጠግን ሰው ያዛት።

ሆስፒታል ፅንሱ ተርፏል፣ ግን ተኝታ ትቆይ ተባለ። አሳየሽ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነበር የተኛችው። ሶርሳ ሲገባ አልዞረችም።

«እኔ ካሁን በኋላ አልሮጥም» አለችው። «ሰማኸኝ? እወዳታለሁ። ግን አልሮጥም።»

ወሬው ገሱባ ደረሰ። ገሱባ የሶርሳ አገር ነው፤ እናቱና ታላቅ ወንድሙ ጩማ እዚያ ናቸው። ጩማ በበነጋታው መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ለታመመችው የወንድሙ ሚስት የማር ጣሳ ይዞ ነው የመጣው። አሳየሽን ጠየቀ፣ ጸለየላት፣ ከዚያ ወንድሙን ወደ ውጭ ጠራው።

«ልጅቷን ስጠን» አለው። «አዬ አለች፣ እኔ አለሁ፣ ሰፊ ግቢ አለ። ቤት ውስጥ ምሰሶ አለ።»

አዬ ማለት እናት ናት። ምሰሶው ደግሞ ለሶርሳ መተርጎም አላስፈለገውም። በሠፈራቸው እንዲህ ዓይነት ልጅ ነበር፤ አድጎ ጢም እስኪያበቅል ምሰሶ ሥር ታስሮ ኖሮ እዚያው ነው የሞተው።

«ከኔ ጋር ታስራ አትውልም አሁን» አለ ሶርሳ። «ተፈትታለች። ትናገራለች።»

«ምን ትላለች?»

«ባ ትላለች።»

ጩማ ለመሳቅ አፉ ከፈት ብሎ ነበር፤ የወንድሙን ፊት አይቶ ዘጋው።

«ጥሩ። ለጊፋታ ይዘሃት ና» አለ በመጨረሻ። «ከሰው ጋር ተቀምጣ ትብላ። ሳትሮጥ ትዋል። አዬ ካየች፣ እኔም ካየሁ፣ አፌን እዘጋለሁ።»

«ካልሆነስ?»

«ካልሆነማ ሚስትህን ልትገድላት ነው?»

ሶርሳ እሺ አለ።

ከውሰር ስትሰማ ተቆጣች። «ፈተና ነው ያደረጋችሁባት? በማታውቀው ቤት፣ በጩኸት መሃል?» ከዚያ ተረጋግታ ጆጉን አሳየችው፣ በሩን አሳየችው፣ መንገድ ላይ መቆምን አሳየችው። ሶርሳ ሞከረ። በቀሩት ጥቂት ቀናት ክብረት ለጆጉ ባ አላለችም፤ ለበሩም አላለችም። ጎማው ጋ ስትመለስ ትለዋለች።

እንግዲያ ሶርሳ የሚያውቀውን አደረገ። መኪናውን ከነጠረጴዛው በጆንያ ጠቅልሎ ሚኒባሱ አናት ላይ አስጫነው። ረዳቱ፣ «ለጊፋታ ሰው በግ ይዞ ይገባል፣ ይሄ ሰውዬ መኪና ይዞ ይገባል» ብሎ ተሳፋሪውን አሳቀ። ክብረት መንገዱን ሙሉ አባቷ ጭን ላይ ጆሮዋን ይዛ ሄደች። መንገዱ ጉድጓድ ነው። ሶርሳ በየጉድጓዱ ከላይ የብረቱን ድምፅ ያዳምጥ ነበር። አሳየሽ ሐኪም ስለከለከላት ሶዶ ቀረች።

ጊፋታ ገሱባ ሲያገኝህ ቤቱ ሙሉ ሰው ነው። ዓመቱን ሙሉ ተቆጥቦ የተገዛው በሬ ታርዷል፤ ሥጋው በቅጠል ላይ ነው፤ የሚጥሚጣው ዳጣ ይለነቀጣል፤ ሴቶቹ ሙችዋ፣ ቆጮ ከቅቤና ከአይብ ጋር፣ ያቀርባሉ። በደጅ ወጣቱ ይጨፍራል። ሶርሳ መኪናውን ጓዳ በር ሥር አስቀምጦ ጆንያውን ሊፈታ ሲል እናቱ መጣች።

«ምንድን ነው?»

«መኪናዬ ነው አዬ። ለክብረት ነው።»

«ዛሬ?»

በዚያ ቤት ከዋዜማው ጀምሮ በዓሉ እስኪሸኝ ድረስ መሣሪያ አይነካም። ዶማው፣ ማጭዱ፣ የእንሰት መፋቂያው ሳይቀር ቆጥ ላይ ተሰቅሏል። በጊፋታ መሣሪያ የነካ ዓመቱን ሙሉ ሲለፋ ይኖራል፣ ቤቱም እረፍት አያገኝም ብለው ያምናሉ። ሶርሳ ይህን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል፤ ግን ሲያስበው የነበረው ጎማውን ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከጭንቅላቱ ወጥቶ ነበር።

«ይቀመጥ። ይሸፈን» አለች እናቱ። «በዓሉ ሲሸኝ ትሰፋለህ።»

ሸፈነው። ክብረትን አጠገቡ አስቀመጣት። ሰው ሲገባ፣ ሲጠራት፣ ጉንጯን ሲይዛት ጆሮዋን ይዛ ተወዘወዘች። ሆኖም አልሮጠችም። ሶርሳ ቁራሽ ሙችዋ በእጁ ይዞ፣ መሬት ተቀምጦ፣ ጠበቃት። አየችውና አጎረሳት። ጩማ ከወዲያ ማዶ ያይ ነበር፤ ራሱን ነቀነቀ። አንድ ሰዓት ያህል እንዲህ ሄደ። ሶርሳ ያንን ሰዓት እስከ ዛሬ ያነሳዋል።

ከዚያ ክብረት የጆንያው ጫፍ ተገልጦ ጎማውን አየች።

ተነሳች። ጆንያውን ገፈፈች። መሬት ተቀመጠችና፣ እጇን ሰብስባ፣ ልክ በረንዳው ላይ እንደምታደርገው፣ ወደ አባቷ ዞረች። ዓይኑን አየችው። «ባ» አለች።

ቤቱ ሰማ። የጨዋታው ድምፅ ወረደ።

«ተናገረች!» አለች አንዲት አክስት።

«ባ» አለች ክብረት።

ሶርሳ ከመርገጫው አጠገብ ነበር። እግሩን ከጫማው አውጥቷል። እናቱን አየ። እናቱ አንገቷን ወዘወዘች፤ በቁጣ አልነበረም፣ በልመና ነበር። ጩማ፣ «ኧረ ዛሬስ ተዉ» አለ። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬቱን አዩ። ሰው የሞላው ቤት ነው፣ የአባቱ ቤት ነው፣ ጊፋታ ነው።

እግሩን ወደ ጫማው መለሰ።

ክብረት ጠበቀች። መጠበቅ ተምራለች። ከዚያ «ባ» አለች፣ ጮክ ብላ። ከዚያ ደጋግማ፣ ባ፣ ባ፣ ባ፣ ድምፅዋ ወደ ጩኸት እስኪለወጥ። የራሷን እጅ ነከሰች። ሶርሳ ሊያቅፋት ሲጠጋ ፊቱን ቧጠጠችው፣ ከሥሩ ሾለከች፣ በሰው እግር መሃል በሩን አልፋ ወጣች።

ጩማ ነው ያገኛት፤ ከእንሰቱ ማዶ፣ ወንዙ ውስጥ ውሃው ወገቧ ደርሶ። ዝናቡ ሞልቶት ስለነበር ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ አይደርስባትም ነበር። ተሸክሟት ሲመጣ ትከሻውን ነክሳው ዱንጉዛው ላይ ደም ነበር። አውርዶ ለእናቱ ሰጣትና ዱንጉዛውን ሊቀይር ገባ።

ነገሩ አልቋል፤ ክብረት ገሱባ ልትቀር ነው። ሶርሳ በስልክ አሳየሽን አገኛት። ሲነግራት ሰማችው። «እዚያው ትቆይ» አለች፣ ስልኩም ተዘጋ። የዘጋችው ይሁን የተቋረጠ፣ አልጠየቃትም።

ሶርሳን የበላው ቆይቶ የመጣለት ሐሳብ ነው። መርፌውን መንቀል ይችል ነበር። ክሩን ማውጣት፣ ጠፍሩን ከላይ መፍታት። ያለ ጠፍር ጎማው ለብቻው ይዞራል፤ አይሰፋም፣ የብረት ክብ ብቻ ነው። ያንን ማን ሥራ ይለዋል? አዬ ራሷ እሺ ትል ነበር። ለመፍታት የሚወስደው ትንፋሽ ያህል ነው፤ መኪናውን በየሳምንቱ ሲያጸዳ የሚያደርገው ነገር ነው። ያኔ ግን ሁለት ነገር ብቻ ታየው፤ መርገጥ ወይም አለመርገጥ።

በዓሉ ተሸኝቶ ዶማው ከቆጡ ሲወርድ፣ ሶርሳ ሜትሩን አወጣ። እናቱ የምሰሶውን ገመድ አዘጋጅታ ነበር፤ የላም ገመድ ነው፣ ቆዳ ይልጣል። ሶርሳ ተይው አላት። ከምሰሶው ለካ። መኝታዋ ጋ ይድረስ፤ ምድጃው ጋ አይድረስ፤ በሩ ጋ አይድረስ። መኪናውን ራሱን ደግሞ ወደ ምሰሶው አስጠግቶ፣ ጎማው እጇ በሚደርስበት ቦታ አስቀመጠው። መኪናውን ሊተውላት ወስኗል። ጩማ፣ «አንተስ በምን ትሠራለህ?» ሲለው፣ «ሰው ቤት» ብሎ ብቻ መለሰ።

ማሰሪያውን የሚሰፋበት ጨርቅ ፈለገ። ሻንጣው ውስጥ ከደንበኛ የተረፈ ዱንጉዛ ነበር፤ ጥብቅ ሽመና ነው፣ ይችላል። ወገቧን የሚነካውን በኩል በለስላሳ ጥጥ ገበረው። ጠርዙን አጠፈ፣ ክር አስገባ፣ ተቀመጠ። ክብረት መጥታ ጎማው ሥር ተቀመጠች። እጇን ሰብስባ ጎማውን አየች።

ሶርሳ እግሩን መርገጫው ላይ አሳርፎ ጠበቀ።

አላየችውም። አልተናገረችም። ሶርሳ ከወንበሩ ወርዶ መሬት ተቀመጠ፣ ፊቱን ከፊቷ ትይዩ አደረገ። «ባ» አላት፣ ቀስ ብሎ። ክብረት ፊቱን አልፋ ጎማውን አየች። ጠበቀ። ጩማ በር ላይ ቆሞ፣ «ሶርሳ፣ ሚኒባሱ ሊወጣ ነው» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደገመ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሶርሳ ወንበሩ ላይ ወጣና ሳትጠይቀው ረገጠ። ስፌቱን ሁለቴ መለሰበት፣ እንዳይፈታ።

አሁን ሌላ ሰፊ ዘንድ ተቀጥሮ ይሠራል፤ ሞተር ባለው መኪና፣ ጎማ በሌለው። ኑሪ በረንዳውን ለማንም አልሰጠም፤ ይመለሳል ይላል። አሳየሽ ወንድ ልጅ ወልዳለች። ሕፃኑ ዓይን ዓይናቸውን ያያል፣ ሲስቁለት ይስቃል። አሳየሽ ሲስቅ ታለቅሳለች። ከውሰር ሁለት ጊዜ ገሱባ ወርዳ ክብረትን አይታለች፤ ስትመለስ፣ «ማሰሪያው አላቆሰላትም» ብላ ሌላውን ዋጠችው።

ሶርሳ ቅዳሜ ቅዳሜ ይወርዳል። መጀመሪያ እናቱን ይጠይቃል።

«ባ አለች?»

«አላለችም። እኔ ግን አዞርኩላት። ቀኑን ሙሉ አዞርኩላት።»

«አዬ፣ መጀመሪያ ጠብቂ አላልኩሽም?»

«ልጅቷ ታስራ እያየሁ፣ አንድ የምትወደውን ነገር ደግሞ ልከልክላት?»

ሶርሳ ተቀምጦ አሳያት፤ አሮጊቷን መሬት አስቀመጣት፣ እጇን ጎማው ላይ አስያዛት፣ ጠብቂ አላት። እናቱ ዓይኗን ጨፍና ትጠብቃለች፤ ልጅቷ ስትጠብቅ ማየት አትችልም። ብዙውን ጊዜ ከክብረት በፊት የምትሸነፈው እሷ ናት።

ባለፈው ቅዳሜ ዝናብ ነበር። ሶርሳ ራሱ ጎማውን ይዞ ጠበቀ። ክብረት የዱንጉዛው ማሰሪያ እስከሚደርስላት ድረስ መጣችና ተቀመጠች። ከንፈሯ አልተንቀሳቀሰም፤ ዓይኗም ወደሱ አልዞረም። ጠበቀ። እናቱ ከጓዳ፣ «ኧረ አዙርላት» አለች። ጠበቀ። ከዚያ ክብረት፣ ሌላ ቦታ እያየች፣ እጇን በእጁ ላይ አሳረፈች። እጇ ቀዝቅዞ ነበር።

ሶርሳ ያኔውኑ አዞረው።